አራት ቀንድና አንድ ዳንቴል

የልጁ አፍ እንደሞጠሞጠ ቀረ። ቶሮንቶ ያለው የኡሚ የልጅ ልጅ «ኡ…» ብሎ «ሚ»ን ሳይጨምር ስክሪኑ ላይ ደረቀ። ግንባሩ ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ኡሚ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ልጁን ምን አገኘው?» አሉ።

«ምንም አልሆነም፤ ኔትወርኩ ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። እኔ ግን ጨመርኩበት፦ «ራውተሩ አሮጌ ስለሆነ ነው። ግድ የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ኡሚ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ኡሚ ነው የሚላቸው። ቤታችን ሐረሪዎቹ አሱም በሪ ከሚሉት ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ ሁለት አህያ ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። መስመሩ የሚገባው ትልቁ ቤት፣ ጊድር ጋር ውስጥ ነው። ኡሚ ደግሞ የሚውሉት በግቢው ማዶ ካለው ማድ ቤት ነው፤ የእኔም ክፍል ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በእርምጃ ቆጥሬዋለሁ፤ ከራውተሩ እስከ ኡሚ በርጩማ 16 እርምጃ ነው።

የሚያናድደው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም የስልክ መስመር የተዘረጋው ከዚሁ ከተማ መሆኑ ነው። ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያዘረጉት፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ሁሉ ተራራና በረሃ ድምፅ ተሻገረው። እኛ 16 እርምጃ አቃተን።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ። ሸዋ በር ያሉትን ሱቆች አልጠየቅኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር የሚገዛ ሰው ከቤቱ ራቅ ማለት ያለበት ይመስለኛል። ደግሞ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ሙቀቱ ፊት ላይ ሲጋረፍ ታይዋን ገበያ ውስጥ መጋፋት ራሱን የቻለ ሽርሽር ነው።

ሻጩ ልጅ አንድ እግሩን ካርቶን ላይ ሰቅሎ ጫቱን ይቀነጥሳል። «ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ከመደርደሪያው አራት ቀንድ ያለው ጥቁር ነገር አወረደ። «አቦ፣ ይሄ አውሬ ነው! ፎቅ ይበሳል። ወላሂ ጎረቤትህ ራሱ ያመሰግንሃል።» ካርቶኑ ላይ 1200 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ቤት አልጋዬ ሥር ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ባለሁለት ቀንድ ራውተር ነበረኝ፤ የእሱ ቁጥር 300 ነው። 1200 ለ300 ሲካፈል አራት። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው ብዬ ከወር ደሞዜ ላይ ደህና ቁራጭ ቆርሼ ከፈልኩ።

ያ 1200 ምን እንደሆነ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ራውተሩ በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ በ2.4 ጊጋኸርትዙ እስከ 300፣ በ5 ጊጋኸርትዙ እስከ 867 ሜጋ ቢት። ሁለቱን ደምረው፣ ወደ ላይ አጠጋግተው ካርቶን ላይ ለጠፉት። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አያገኝም። ከሁሉም በላይ እኛ የምንከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። ይህም ቢት እንጂ ባይት ስላልሆነ ለስምንት ሲካፈል በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ እሱም ከተገኘ። የሐረር ሰው ሆኜ ይህ መጥፋቱ ያሳፍራል። የሐሮማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ ጄሪካን ይዞ ያልተሰለፈ ማን አለ? በርሜል ስለገዛ ቧንቧው የፈሰሰለት ሰው ግን አላየሁም።

ያም ሆኖ ማታውን ተከልኩት። ኡሚ ዕቃውን አዩና በጣም ወደዱት፤ ጥፋቱም የጀመረው ከመውደዳቸው ነው። ነደባ በሚባለው የመቀመጫ መደብ ላይ ይቀመጥ ብል እምቢ አሉ። ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረው መደርደሪያ፣ ለሠርጋቸው ከመጡት አበባማ የብረት ሳህኖች ኋላ አስቀመጡትና ነጭ ዳንቴል አለበሱት። አራቱ ቀንዶች ዳንቴሉን ወጥረው ቆሙ። «አሁን አማረበት» አሉ። ከፊቱ ብረት፣ ከኋላው ድንጋይ፣ ከላዩ ጨርቅ። እኔም አማረበት አልኩ፤ ምን ልበል?

በማግስቱ ማድ ቤት ሆነን ደወልን። ልጁ አሁንም «ኡ…» ላይ ቀረ።

ጥፋቱን ጎረቤት ላይ ጣልኩ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ስቆጥር 17 ስልክ ተያይዟል፤ በግቢያችን ያለነው አራት ሰዎች ነን። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ቤት በርጫ የሚቀመጡት የኡሚ ወንድም ጓደኞች፣ ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ጓደኞች… ፓስዎርዱን ቀየርኩት። ወዲያው የሰፈሩ ሰላምታ ቀዘቀዘ። ዳቦ የምገዛበት ባለሱቅ መልሱን ሳንቲም በሳንቲም እየቆጠረ ይሰጠኝ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ኔትህን ምን ነካው፣ አሞት ነው?» ብለው እንደ ሕመምተኛ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ቀን ኡሚ አዲሱን ፓስዎርድ ራሳቸው አደሉት። «የመጣ እንግዳ ውሃ ይከለከላል?»

በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት መኪና ግርግር አግኝቼ ይዤው መጣሁ። (መንገዱ መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው።) ልጁ ዕቃ አልፈታም፣ ምንም አልነካም። ስልኩን ይዞ ራውተሩ አጠገብ ቆመ፤ ዘጠኝ ሜጋ። የትልቁን ቤት ደፍ ተሻግሮ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ሦስት። ማድ ቤት ገባ፤ 5 ጊጋኸርትዙ ከነስሙ ጠፋ፣ 2.4ቱ በአንዲት መስመር ተንጠለጠለ። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሃሺ ድንጋይ ነው። እርስዎ ራውተር ገዙ እንጂ ግድግዳውን አልጠየቁትም።»

የበሩ ጎን ላይ ለካሁት፤ አንድ ክንድ ከስንዝር ድንጋይና ጭቃ። 5 ጊጋኸርትዙ ብዙ ዳታ ያስተላልፋል፣ ግድግዳ የመሻገር አቅሙ ግን ከ2.4ቱ ያንሳል። ስለዚህ ለአውሬው የከፈልኩት ትርፍ ገንዘብ በሙሉ ከትልቁ ቤት የማይወጣ ሞገድ ገዝቷል። ግድግዳውን ለመውቀስ ግን አፌ አይደፍርም፤ በግንቦት ሙቀት ቤቱን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፣ የጎረቤትንም ሞገድ ወደ እኛ እንዳይገባ ያግድልናል።

መፍትሔው ገመድ ነው አለ ልጁ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፤ በወዲያኛው ጫፍ ማንኛውም አሮጌ ራውተር ይሰካል። ግን በየት ይለፍ? ድሪል ሲል ኡሚ ብድግ አሉ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማችን፣ ጀጎል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ የድሮ ቤት እንደ ልብ አይበሳም። ኡሚ ግን ዩኔስኮን አልጠቀሱም። «አባቴ የለሰነው ነው» አሉ፤ አለቀ።

ሁላችንም ዝም ብለን ስናይ ኡሚ ራሳቸው ተናገሩ። «ኤሚር ኑር ያን ሁሉ ግንብ ሲያሠሩ ለጅብ እንኳ ቀዳዳ ተትቶለታል» አሉ። ግንቡ ሥር ጅብ የሚሹለክባቸውን ዋራባ ኑዱል የሚባሉትን ቀዳዳዎች ማለታቸው ነው። ከዚያ ነደባው ጥግ ያለውን ምንጣፍ ገለጡ። ቤቱ ሲታጠብ ውሃ ወደ ግቢ የሚወጣበት፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ገመዷ በእሷ ወጣች፤ በግቢው ጠርዝ ሄዳ፣ በማድ ቤቱ በር ሥር ገባች። 22 ሜትር። ጫፏ ላይ አልጋዬ ሥር የነበረውን ባለ 300ውን ሰካን።

ያን ዕለት ማታ ከበሩ ውጪ ቱሪስቶች ለጅቦቹ ሥጋ ሲሰጡ ጫጫታቸው ይሰማ ነበር። ኡሚ በርጩማቸው ላይ ሆነው ደወሉ። የቶሮንቶው ልጅ «ኡሚ» አለ፤ ሙሉውን። ቀጥሎም ጥርሱ መነቀሉን አሳያቸው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ለፈለፈ፣ በመጨረሻ ደክሞት እሱ ራሱ ዘጋው።

አራት ቀንዱ ከሳህኖቹ ኋላ እንደተቀመጠ ነው። ከመጀመሪያውም የነበረው የመስመሩ ራውተር ለትልቁ ቤት ስለበቃ ከተነቀለ ሁለት ወር አልፎታል። ሰፊ አዳራሽ ያለው፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ገዢ ካለ ፈላና በር ብቅ ብሎ ይጠይቅ፤ በዋጋ እንስማማለን። ዳንቴሉ ግን አይሸጥም።