ዋሻ ውስጥ ካስክ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ዋጋ የሚቆረጠው በደራሲው ስም ሳይሆን በውፍረት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከክምሩ ሥር አንድ ድልብ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መዝዤ «ስንት ነው?» አልኩ። ሻጩ ልጅ ሽፋኑን እንኳ ሳያይ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነውና «ለጋሼ አራት መቶ» አለኝ።

«ስለ ምንድን ነው?»

«የድሮ ሰዎች ታሪክ ነዋ! ሉሲም አለችበት።»

ሉሲ የለችበትም። መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ የጂን አውል «የማሞት አዳኞች» ነው። ከስድስት ተከታታይ መጻሕፍት ሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1980፣ የመጨረሻው በ2011 ወጥተዋል። አሮጌ መጽሐፍ ተራ መቼም ተከታታይ ነገር ከመሃሉ እንጂ ከራሱ አይገኝም። አንደኛውንና ሁለተኛውን የወሰደው ሰው ይሄን ጊዜ ሌላ መደብ ላይ ተደፍቶ የኔን ሦስተኛ እየፈለገ ይሆናል።

ባለታሪኳን አይላን በዝና አውቃታለሁ። ኒያንደርታሎች ያሳደጓት የኛ ዘር ልጅ ናት። ፈረስ ገርታ ትጋልባለች፣ የአንበሳ ግልገል ታሳድጋለች፣ ድንጋይ ከድንጋይ አጋጭታ እሳት ታወጣለች፣ የተኩላ ቡችላ ታላምዳለች፤ ትርፍ ጊዜ ስታገኝ ደግሞ መድኃኒት ትቀምማለች። የሰው ልጅ ስንት ሺህ ዓመት የደከመበትን ሥራ አንዲት ልጃገረድ ሳታረጅ ጨረሰችው። እኔ ቡታጋዝ ለመለኮስ ሦስት ክብሪት እፈጃለሁ።

ፊልሞቹማ ይብሳሉ። በ1966 በወጣው «ዋን ሚሊዮን ይርስ ቢሲ» ራኬል ዌልች የቆዳ ቢኪኒ ለብሳ ከዳይኖሰር ትሸሻለች። ዳይኖሰሩን እሺ ልለፈው። ፀጉሯ ግን ገና አሁን ከካስክ የወጣ ነው፤ ያ ሁሉ አውሬና እሳተ ገሞራ አንዲት ዘለላ አያዛባባትም። ወንዶቹ በፂም ተውጠው ሴቶቹ ግን ሙልጭ ብለው ተላጭተዋል። ምላጩ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። በድንጋይ ዘመን ድንጋይ መጀመሪያ የተሳለው ለዚሁ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

በ1981 ዣን ዣክ አኖ «ኩዌስት ፎር ፋየር»ን ሲሠራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተጨንቆበታል። ተዋንያኑ የሚያጉረመርሙበትን ቋንቋ የፈጠረላቸው ደራሲው አንቶኒ በርጀስ ነው። ፊልሙ በሜካፕ ኦስካር ተሸለመ፤ ሰው በማቆሸሽ የተገኘ የውበት ሽልማት መሆኑ ነው።

የሚገርመኝ ግን ብርዱ ነው። እጄ የገባው የጥንት ሰው ልብ ወለድ ሁሉ ማለት ይቻላል በረዶ፣ ማሞትና የድብ ቆዳ ነው። ድንቅነሽ በ1974 የተገኘችው አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተኝታ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘል፤ ያንን ካፖርት ብትለብሰው መሬት ይጠርግ ነበር። አጽሟ ከልጁ መደብ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ መደቡ ላይ ያለው ልብ ወለድ አውሮፓ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

በልጁ ልስቅ አልኩና ሒሳብ ሠራሁ። የአውል ሰዎች የኖሩት ከዛሬ 30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ ልጁ ሉሲን እዚያ መሃል ሲያስገባት የሳተው ሦስት ሚሊዮን ዓመት ከምናምን ነው። ዳይኖሰሮች ደግሞ ያለቁት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፤ ራኬል ዌልችን ያሳደዷት፣ በፊልሙ ርዕስ መሠረት፣ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት። ፊልም ሠሪዎቹ በ65 ሚሊዮን ስተዋል። ልጁ ይሻላል።

በሁለት መቶ ሰባ ተስማማን። ባለቤቴ በር ላይ አየችኝና «ደግሞ ጡብ?» አለች።

ማታ ስገልጠው ገጽ 74 ላይ ጫፉ ታጥፎ፣ አሮጌ የሎተሪ ትኬት ተሰክቶበት አገኘሁ። እስከዚያ ድረስ ያለው ወረቀት በሻይና በጣት ወይቧል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የማንም እጅ አልነካውም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ገጽ 71 ደርሻለሁ። ትኬቱ ይታየኛል።