ቀለብ የተቆረጠላቸው ወፎች

በሰሜን እስራኤል፣ በሁላ ሸለቆ፣ ቀለብ የተቆረጠላቸው ወፎች አሉ። ግራጫ፣ አንገተ መቃ፤ በዕብራይስጥ አጉር ይባላሉ። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ እዚህ ያርፉና የገበሬውን ኦቾሎኒ ይለቅማሉ። ከአንዱ ማሳ ሲያባርሯቸው ሌላው ላይ ይሰፍራሉ። በመጨረሻ ገበሬውና ተፈጥሮ ጠባቂው ተመካከሩና በብርዱ ወራት በቆሎ በትራክተር ይበተንላቸው ጀመር።

«ሌባ እንዳይሰርቅ ደመወዝ ይከፈለዋል?» አለች እናቴ።

እኔም ለአስጎብኚው «ዘዴው ግሩም ነው ትላለች» አልኩት።

አጋሞን ሁላ የሚሉት ይህ የወፍ ፓርክ ለልጆች ሠርግ ነው። ትራክተር የሚጎትተው ረጅም ጋሪ ላይ ተደርድረን በአሥር ሺዎች መሃል ስንገባ ዘወር ብሎ ያየን ወፍ የለም፤ ትራክተር ማለት ለእነሱ ምሳ ነው። የጋራ ማዕድ ጣጣ አያጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ፈጅቷል።

ቦታው ራሱ ጉደኛ ነው። በ1950ዎቹ ረግረጉን አድርቀው እርሻ አደረጉት። ወዲያው የደረቀው አፈር ከሥር እየተቃጠለ፣ በነፋስ እየቦነነ አስቸገራቸው። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ አለበሱት። በ1996 ከምድር ጠፍታለች ተብሎ የተፈረደባት የሁላ እንቁራሪት ደግሞ በ2011 ብቅ አለች።

«ተዝካሯን የበሉ ይመልሱ!» አለች እናቴ። ይህን እንዴት ብዬ ላስተርጉም? ዝም አልኩ።

አስጎብኚው ከአጉሮቹ ከፊሎቹ ኢትዮጵያ ወርደው ጣና ዳር እንደሚከርሙ፣ በቆሎው የጣማቸው ግን እዚሁ እንደሚቀሩ ሲነግረን እናቴ ተነሥታ ቆመች። ጎንደር በልጅነቷ ማሽላ መሃል ማማ ላይ ተሰቅላ፣ ወንጭፍ ይዛ ወፍ ስትጠብቅ ነው ያደገችው።

«ፎገራ ሜዳ የሚወርዱት የትኞቹ ናቸው?»

«አይለዩም፣ እማዬ።»

«እኔ እለያቸዋለሁ» አለችና «ሃይ! ሃይ! ውረድ ከማሳዬ!» ብላ ለቀቀችው። አስጎብኚው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። አንድም ወፍ አልተነሣም። ወደ ዳር የነበሩ ጥቂቶች ብቻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይኸው» አለች እናቴ እየተቀመጠች፣ «እነዚያ አማርኛ ይሰማሉ።»