የሠርገኛ አልጋ ድልድል

በባሕር ዳር ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከሚያሰናዳው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ከሰንጋው፣ ከጠጁ፣ ከድንኳኑና ከቪዲዮ ቀራጩ ይልቅ፣ ዘመድን ከዘመድ የማቀያየም አቅም ያለው ከሌላ ከተማ ለሚመጡት እንግዶች የሚያዘው አልጋ ነው። ሰንጋው ቢከሳ በበርበሬ ይሸፈናል፣ ጠጁ ቢቀጥን ቀድሞ የሞቀው እንግዳ አያስተውለውም፤ አልጋው ግን ቁጥር የተጻፈበት ቁልፍ ስላለው፣ ማን በየትኛው ሆቴል፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማን ጋር እንዳደረ በማግስቱ ቁርስ ላይ ከሙሽራይቱ አክስት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ሚዜ ድረስ ያውቀዋል። ስለ አልጋ ሲነሣ ችግሩ የዋጋው መናር ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ከፊል እውነት አለው፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው፣ አልጋውን የሚያስወድደው ከባለሆቴሉ ይልቅ አልጋን የዝምድና ማዕረግ አድርጎ የሚቆጥረው ሠርገኛ ራሱ ነው።

በቅድሚያ የቀን መቁጠሪያውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት ሠርግ ስለማይደረግ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና በጾመ ነቢያት ተይዞ የቆየው ደጋሽ ሁሉ ጥምቀት እንዳለፈ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ እህሉም ከአውድማ ገብቶ፣ ሰማዩም ጠርቶ፣ መንገዱም ደርቆ ይጠብቀዋል። ጥር 12 ቀን የሚከበረው ቃና ዘገሊላ ራሱ በሠርግ ቤት ውኃው ወደ ወይን ጠጅ የተለወጠበት ተአምር መታሰቢያ በመሆኑ፣ በጥር ለመደገስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ ምንም እንኳ ወንጌሉ ወይኑ እንዴት እንደተገኘ ሲተርክ እንግዶቹ የት እንዳደሩ አንድም ቃል ባይናገርም። የወቅቱ ማብቂያ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ለ55 ቀናት የሚጾመው ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ስለሚገባ፣ ከቃና ዘገሊላ እስከ ጾሙ ዋዜማ ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት ሦስት ሳምንት አይሞላም፣ በሌላው ከሰባት ሳምንት ያልፋል፤ በመካከሉም የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ ይገባበታል። ጾሙ በሚፈጥንበት ዓመት የከተማው ድንኳን፣ ዲኮር፣ ባጃጅና አልጋ ሁሉ በሁለትና በሦስት ቅዳሜና እሑድ ላይ ይረባረባል።

በዚሁ ሰሞን አልጋ የሚፈልገው ሠርገኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ዝናው የበለጠ የናኘለት የጎንደር በዓል፣ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢከበርም፣ ጎብኚው በመምጫው ወይም በመመለሻው ጣናን ሳያይ አይሄድም፤ ጥር 23 ቀን ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይውላል። ጥርን ሸሽቶ ከፋሲካ በኋላ የሚደግስ ቤተሰብም አያመልጥም። በአፍሪካ የጸጥታ ጉዳዮች ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም በ2004 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለዓመታት በአብዛኛው በሚያዝያ ወር በባሕር ዳር ሲካሄድ ስለቆየ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ከነአጃቢዎቻቸው በሐይቁ ዳር ሲያርፉ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የሙሽራው አጎት ስለ አህጉሩ ሰላም ሲባል ወደ ቀበሌ 14 ፔንሲዮን የሚዛወርበት ጊዜ ነበር። ሠርጉን ወደ ክረምቱ መግቢያ የገፋው ደግሞ ልጁን ለማስመረቅ ወደ ፔዳና ወደ ፖሊ ግቢ ከሚጎርፈው ወላጅ ጋር ይጋጠማል፤ እነዚህ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመሠረቱት የሁለቱ አንጋፋ ተቋማት የቤት ስሞች ናቸው።

እንግዳን በገንዘብ ማሳደር ለአገሩ ባህል አዲስ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በነገሥታቱ ዘመን በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ እንግዳ በየደረሰበት መንደር ድርጎ ይሰጠው ነበር፤ ድርጎ የሚባለውም ገበሬው ለእንግዳው የሚያዋጣው እንጀራ፣ ማር፣ በግና የመሳሰለው ስንቅ ሲሆን፣ ጋባዡ ንጉሡ፣ ከፋዩ ገበሬው መሆኑ የሥርዓቱ ዋና ጠባይ ነበር። የዛሬውን የሠርግ አልጋ በዚህ መነጽር የተመለከተ ሰው ብዙም ለውጥ አያይም፤ ጋባዦቹ ወላጆች ናቸው፣ ከፋዩ ደግሞ ባንክ ቤት የሚሠራው የሙሽራይቱ ታላቅ ወንድም ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት መኳንንቱ በልቶ ሒሳብ መክፈል እንግዳ ነገር ሆኖባቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፍለው ማስተማር እንዳስፈለጋቸው ይነገራል። ትምህርቱ ለምግቡ በሚገባ የሠረጸ ሲሆን፣ ለሠርግ አልጋ ግን እስካሁን አልደረሰም፤ ከሩቅ የመጣ ሠርገኛ ቁልፍ ተቀብሎ ሲሄድ ሒሳቡን የመጠየቅ ልማድ የለውምና።

ከሆቴሉ በፊት የነበረው፣ ዛሬም ጨርሶ ያልጠፋው መፍትሔ ድልድል ነው፤ ይኸውም እንግዶቹን በየጎረቤቱና በየዘመዱ ቤት ከፋፍሎ ማሳደር ሲሆን፣ በሽምብጥም ሆነ በግሽ ዓባይ ያለ የዕድር ጎረቤት ሳሎኑን ለቆ ፍራሽ ማንጠፉ ከድንኳንና ከድስት ብድር የተለየ ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ሲጠብ፣ የእንግዳውም ወገብ ፍራሽ መጥላት ሲጀምር፣ ድልድሉ ከጎረቤት ወደ ሆቴል ተሸጋገረ፤ ችግሩም የተወለደው ግማሹ እንግዳ ተሸጋግሮ ግማሹ በቀድሞው ሥርዓት በመቅረቱ ነው። ሆቴል የተያዘላቸው ከጎጃም ገጠር የመጡ አክስት «ልጄ፣ ቤታችሁ ጠበበ ወይስ እኔ በዛሁባችሁ?» ይላሉ፤ አስተባባሪው «ኧረ እትዬ፣ እንዲመችዎ ብለን ነው እንጂ!» ቢላቸውም፣ «ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ ምን ይመቻል?» የሚለው መልሳቸው በማንኛውም የሆቴል ኮከብ አይረታም። በዚያው ሰዓት በቤት ውስጥ ፍራሽ የተነጠፈለት የአዲስ አበባ የአጎት ልጅ፣ ለእነ እገሌ ሆቴል ተይዞ ለእርሱ መሬት እንደደረሰው ለሚሰማው ሁሉ ይናገራል። ሁለቱን ማለዋወጥ የሁለቱንም ቅሬታ በነጻ የሚፈታ ቢሆንም፣ ዝርዝሩ የወጣው በዝምድና ቅርበት እንጂ በእንግዳው ፍላጎት ስላልሆነ፣ ለማለዋወጥ የሚደፍር አስተባባሪ እምብዛም አይገኝም።

ስለ ማደሪያዎቹ ዓይነት ጥቂት መግለጽ ይገባል። ከሐይቁ ዳር ሪዞርቶችና ከባለኮከብ ሆቴሎች በታች፣ ምግብ ቤትና አዳራሽ ሳይኖረው ክፍል ብቻ የሚያከራየው ፔንሲዮን ይገኛል፤ በዚህም ውስጥ መጸዳጃና ሻወር በክፍሉ ውስጥ ያለው «ራሱን የቻለ» ሲባል፣ ሌላው የጋራ ነው። ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሠርገኛው ግን ወደ ክፍሉ የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የሚወጣው ማለዳ ለመልሱ ተጣድፎ ስለሆነ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ጣና የሚያየው ጨለማውን፣ የሚያገኘውም ትንኙን ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢሆንም ወባ ስላለበት፣ አስተባባሪ ስለ ሐይቁ ከመጠየቁ በፊት ስለ አጎበሩ ቢጠይቅ፣ ቀጥሎም ውኃው ሲጠፋ ታንከር፣ መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን ቢያጣራ ገንዘቡ በቦታው ዋለ ማለት ነው። ምድር ቤቱ ላይ ግሮሰሪ ያለበትን ፔንሲዮን ለንስሐ አባት መስጠትም አይመከርም፤ አባ ሌሊቱን ሙሉ ከወለሉ በታች በስፒከር የሚዘፈነውን በትዕግሥት ቢያሳልፉት እንኳ፣ በማግስቱ በሚሰጡት ምክር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ለእርሳቸው የሚስማማው በከተማው እምብርት ካለው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ ይኸው ክፍል ግን ሲነጋጋ ለተኛ ሚዜ የተሰጠ እንደሆነ፣ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ኪዳን ቅጣት ይሆንበታል። ከዓባይ ማዶ ያለው አልጋ ደግሞ ቀድሞ ሌላ አገር እንደማደር ይቆጠር የነበረ ሲሆን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ሰበብ በእጅጉ ተዳክሟል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚይዝ ደጋሽ ቅናሽ መጠየቁ የታወቀ ነው፤ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ግን የተነገረው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት የጨመረ መሆን አለመሆኑን ካልጠየቀ፣ ቅናሹ በመጨረሻው ደረሰኝ ላይ ተመልሶ ይገባል። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ የራሱ ችግር አለው። በአንዳንድ ሆቴሎች ለውጭ አገር ዜጋ የሚጠየቀው ዋጋ ከአገሬው ስለሚለይ፣ እስክስታውን ከሁሉ አስበልጦ የሚመታ የዋሽንግተን ነዋሪ ፓስፖርቱን ባወጣ ቅጽበት ፈረንጅ ይሆናል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ከሻንጣው ሥር እስኪያገኝም ከኋላው ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ከዚህ የከፋው የቀኑ ነገር ነው። የጥሪ ካርዱ ላይ «ጥር 12» የተጻፈውን እርሱ ጃንዋሪ 12 ብሎ በስልኩ አልጋ የያዘ እንደሆነ፣ ያ ቀን በአብዛኛው ዓመት በኢትዮጵያ ጥር 4 ስለሚሆን፣ ስምንት ቀን ቀድሞ ከነሙሉ ልብሱ ባሕር ዳር ይገኛል። እንዲህ ያለው እንግዳ ሠርጉ እስኪደርስ ሽንኩርት ሲልጥ ስለሚሰነብት፣ ከሁሉም ዘመድ ይልቅ የሚመሰገነው በስተመጨረሻ እርሱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ይህን ሁሉ ለውጦታል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ዘመድ ወይ በአውሮፕላን ይመጣል ወይ ይቀራል፣ የቀረውንም ሰው አልጋ መሰረዝ ውድ አልጋ ከመክፈል የበለጠ ያሳዝናል። በዚህ ላይ ቀልድ አይጨመርበትም።

የሠርግ አልጋ ሒሳብ መቼም ቢሆን በታቀደው ሌሊት አይዘጋም። ከሠርጉ ቀጥሎ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራይቱ ቤተሰብ የሚመለሱበት መልስ፣ ከዚያም ሁለቱ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ቅልቅል ይከተላል፤ ይህ ሁሉ አልፎ እንግዳው ሰኞ እሄዳለሁ ያለውን ረስቶ «ጣናን ሳናይ?» ይላል። ጀልባ ይከራያል፤ ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም በመሆኑ አክስቶቹ ቅር ሲላቸው ጉዞው ወደ ዘጌ ተቀይሮ በቡና ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጥ ጀልባው በማለዳ ይነሣል፤ ሆኖም ሥዕሉ በየግድግዳው ብዙ፣ የአክስቶቹም ጸሎት ረጅም ነውና፣ በብዙ ሆቴሎች ክፍል መልቀቂያ የሆነው 6 ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ገና ውኃ ላይ ናቸው። ሲመለሱ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ መዝገቧን ገልጣ የተጨመረው የአንድ ቀን ሒሳብ በማን ስም እንዲጻፍ በትሕትና ትጠይቃለች፤ አጎትየውም ጫማቸው ላይ የቀረውን የዘጌ አፈር እያራገፉ፣ የሙሽራይቱን ወንድም ሙሉ ስም ከነአያቱ ያስመዘግባሉ።