እንቁጣጣሽ እሑድ የዋለበት ኮምፒውተር

በቡና አገር ኮምፒውተር የሚታመመው ለቀማ ሲቃረብ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና እሸቱ መቅላት ሲጀምር፣ አቅራቢና ገበሬ የሚተሳሰቡበት ቀን ሲደርስ ማቃሰት ይጀምራል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቡና የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ይነግራችኋል።

ጎረቤቴ እትዬ ቡና አቅራቢ ናቸው። ስማቸውን ትቼ እትዬ የምላቸው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ትውልዳቸው ማጂ ነው፤ ሚዛን ገብተው ንግድ ከጀመሩ ግን ልጅ አሳድገው የልጅ ልጅ አይተዋል። ማን ስንት ኪሎ እሸት እንዳመጣ፣ ማን በጀንፈል እንደሚከፍል፣ ለማን ስንት ብር ቅድሚያ እንደተሰጠ፣ ሁሉም ኤክሴል ላይ ሰፍሯል። ኮምፒውተራቸው ግን ያረጀ ነው። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ተጭነውት እስኪነሳ ደግሞ ቡና ተቆልቶ ይወቀጣል። ስለዚህ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጣን። በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የመጣ ዕቃ ስለሆነ እትዬ የተቀበሉት በሁለት እጃቸው ነው።

ጊዜው የ2017 እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ነበር። አሮጌውን ዲስክ ነቅዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩና በላፕቶፔ ሌሊቱን እንዳለ ወደ አዲሱ አስገለበጥኩት፤ ዊንዶውሱንም፣ ሒሳቡንም፣ የልጅ ልጃቸው የሣለቻቸውን ሥዕሎች ሳይቀር። ኮምፒውተሩ ራሱ እዚያው እትዬ ቤት፣ ከሶኬት ተነቅሎ አደረ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ጠዋት ስደርስ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። ዲስኩን ገጠምኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቅ አለች፦ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «ምን ይላል ልጄ?»

«የምነሣበት ዲስክ አጣሁ ይላል፣ እትዬ።»

«አሁን አስገባህለት አይደል እንዴ?»

«አስገባሁለት።»

«ታዲያ?»

እዚህ «ታዲያ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ቁጣ የለበትም፣ ጥርጣሬም የለበትም፤ ከልብ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ ሲኒውን እንደያዘ ወደኔ ዞሯል፣ እኔ ግን የምመልሰው የለኝም። እዚያ ውስጥ ያለው የዓመት ሒሳብ ነው። የሰው ላብ ነው። ፊቴ ጋለ። ዝም ብዬ ጎንበስ አልኩና ገመድ መነካካት ጀመርኩ።

የዳታውን ገመድ ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰካሁ። ራሙን አውጥቼ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ጠራረግሁ፤ እዚህ አገር ላጲስ ያላስነሣው ኮምፒውተር የለም ይባላል። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀረበ፣ መስመሯ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። «አዲሱ ዲስክ መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይሆናል» ያሉም ነበሩ፤ የቦንጋን ጠመዝማዛ ለሚያውቅ ነገሩ አይገርምም። በመጨረሻ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። ትናንት ከሰዓት ሲሠራ የነበረው፣ እያቃሰተም ቢሆን የሚነሣው አሮጌ ዲስክ፣ ያችኑ መስመር አወጣ።

አንድ ጎረቤት «ሁለቱም ሞቱ ማለት ነው?» ሲሉ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ትንፋሽ የመጣልኝ። ሁለት ዲስክ በአንድ ሌሊት አይሞትም፤ አሮጌውም አዲሱም እኩል እምቢ ካሉ ችግሩ ከዲስክ ውጭ ነው። እስካሁን አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንደበድብ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ማየት ካስፈለገ ደግሞ ሥሩ ባዮስ ነው፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነቃው፣ ዲስክ የሚፈልገው፣ በየት በኩል ልነሣ ብሎ የሚወስነው።

ባዮሱን ከፈትኩ። ዲስኩ በስሙ ተጽፏል፤ ገመዱም ዲስኩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ከላይ ቀኑ አለ፦ 01/01/2017። አየሁት፣ አለፍኩት። እትዬም አይተው «እሰይ፣ እንቁጣጣሽን ያውቃል» አሉ። መስከረም 1 ቀን 2017፤ ምን ስሕተት አለው? እንዲያውም ቀኑን እንኳ ይዟል ብለን ደስ አለን።

የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት። አንገቷን በትከሻዬ ላይ አሻግራ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ይላል እኮ» አለችኝ።

«እና ምን አለበት?»

«እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር። ዶሮውን ያልበላነው ጾም ስለሆነ አይደል? ሐሙስ ነው የታረደው።»

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዶሮው ሐሙስ መታረዱን የማያስታውስ አልነበረም። ማሽኑ ያወጣው የእኛን መስከረም አልነበረም፤ የፈረንጁን ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ነው፣ እሱም እሑድ ውሏል። በነሱ አቆጣጠር እኛ ያን ጊዜ የነበርነው 2024 ላይ ነው። ማሽኑ ዘመኑን ስቶ ወደ ፋብሪካ ልደቱ ተመልሷል። አዲስ አበባም ሆነ ሚዛን፣ 2017 የሚለውን ቁጥር በዚያ ወር ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደኛው ያልፈው ነበር።

ባዮስ ቀኑንና ምርጫዎቹን የሚያስታውሰው እናት ቦርዱ ላይ በተቀመጠች ክብ ባትሪ ነው፤ 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ መሞቷ አይታወቅም። መብራት ሲጠፋም የእትዬ ዩፒኤስ የጠፋ ኮምፒውተር የሚፈልጋትን ጥቂት ጉልበት ለሰዓታት ይሰጠው ነበር። ያን ሌሊት ግን ተነቅሎ አደረ፤ የሚያውቀውን ሁሉ ረሳ። ከረሳቸው አንዱ አነሣሡ ነው። የእትዬ ዊንዶውስ የተጫነው በጥንቱ ሥርዓት፣ ሌጋሲ በሚባለው ነው። ማሽኑ ግን ወደ አዲሱ ሥርዓት፣ ወደ ዩኢኤፍአይ ተመልሶ በዲስኩ ላይ የሌለ የማስነሻ ክፍል ሲፈልግ ነበር። አሮጌውም አዲሱም እኩል የታጡት ለዚህ ነው።

ገበያው ዳር ያለ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ባትሪዋ ተገኘች። ቀየርኳት፣ አዲሱን ዲስክ መልሼ ገጠምኩ፣ ሌጋሲን መረጥኩ፣ በረካው ሳይቀዳ ዊንዶውሱ መጣ። በምን ፍጥነት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እትዬ ገና ጀበናውን አላነሡም ነበር።

ቀኑን ሳስተካክል 2024 ብዬ ስጽፍ እትዬ አልወደዱትም። ይሁን እንጂ ሁለት ዘመን ይዞ መሥራት ለሳቸው አዲስ አይደለም። ከገበሬው ጋር በመስከረምና በጥቅምት ይተሳሰባሉ፣ ላኪው ደግሞ በኦክቶበር ይጠራቸዋል። ቡናው ራሱም እንዲሁ ነው። ከማጂ አካባቢ ጫካ በፈረንጁ 1930ዎቹ የወጣው የጌሻ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ፤ በ2004 እዚያ ውድድር አሸንፎ ስሙ ዓለምን ሲያዳርስ፣ በእትዬ የቀን መቁጠሪያ ዘመኑ 1996 ነበር። ያን ያህል የተጓዘ ነገር በማን ዓመት ይቆጠር?

አሮጌውን ዲስክ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ የአዲሱ ጤና እስኪታወቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

«ይቺ ባትሪ ስንት ዓመት ትቆያለች?» አሉኝ።

«አምስት ዓመት ገደማ፣ እትዬ።»

የልጅ ልጃቸውን ጠሩና የሒሳብ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንድትጽፍ አዘዟት፦ ባትሪው በ2022 ይቀየር።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠየቀች፦ «በእኛ ነው በነሱ?»

«በእኛ ነዋ!» አሉ እትዬ።