ጸጉራሙ ባላባት

ሞያሌ ውስጥ ውሻ ክብር የለውም። እኔ የምኖርበት የኬንያው ሞያሌና ማዶ ያለው የኢትዮጵያው ሞያሌ በብዙ ነገር ይለያዩ ይሆናል፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። እኛ መታወቂያ ይዘን የምንሰለፍበትን ድንበር ውሾቻችን ሲያሻቸው ይሻገሩታል፤ ቁርሳቸውን ማዶ ሥጋ ቤት ደጃፍ ለቃቅመው ለምሳ እዚህ ከተፍ ይላሉ። መኪና ወዲህ በግራ፣ ወዲያ በቀኝ እንደሚነዳም ከአንዳንድ ሾፌሮቻችን ቀድሞ ገብቷቸዋል። ለዚህ ሁሉ ብልሃታቸው የምንሸልማቸው ድንጋይ ነው።

ሰሞኑን ግን ሰፈራችን ድንገት ውሻ አፍቃሪ ሆኗል። ጦሱ የመጣው ከጎረቤቴ ልጅ ስልክ ነው። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ልጅቷ ቲክቶኳን ስትገላልጥ አፍጋን ሐውንድ የሚሉት ውሻ ከች አለ። ቁመቱ እስከ ትከሻው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ጸጉሩ ከጆሮው እስከ እግሩ ጣት እንደ ሐር የተዘናፈለ። "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አሉ አንዲት እማማ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። ውሻ መሆኑ ሲነገራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና አንድ በአንድ አዩን። "ታዲያ እኛ ምንድን ነን?"

ከሁሉ የባሰባት ጸጉር ሠሪያችን ናት። ስልኩን ነጥቃ እያሰፋች ትመረምረው ጀመር። አናቱ ላይ የተከመረውን፣ ፊቱ ላይ የሌለውን፣ ጀርባው ላይ ደግሞ በተፈጥሮው አጠር ብሎ የቀረውን አየች። "ሂዩማን ሄር ቢሆን ስንት እሽግ ይፈጅ ነበር!" አለች። ልጅቷ በየሳምንቱ እንደሚታጠብና ለማበጠሩ ብቻ ሰዓታት እንደሚፈጅ ስታነብላት ጸጉር ሠሪያችን ቀና አለችና ቤቱን ቃኘች። "በየሳምንቱ! ሰምታችኋል?" ያልሰማ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ስኒው ውስጥ አንገቱን ቀበረ። እኔም ከጥምቀት ወዲህ ያልተፈታ ሹሩባዬን በነጠላ ሸፈን አደረግኩ።

ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ቡቺ፣ ማለትም የእኔ ቡኒ ውሻ፣ ባጠገባቸው ሲያልፍ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ግድግዳ ይጠጋሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ሥርዓት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ታዲያ ዱባይ ሹፌር የሆነው ልጃቸው የአሠሪውን ሳሉኪ ፎቶ ላከላቸው። ሳሉኪ ለአፍጋኑ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ረጅም ጸጉሩ ግን በብዛት ጆሮው፣ ጅራቱና እግሩ ላይ ነው። የዐረብ ዘላኖች ከተራ ውሻ አይቆጥሩትም፤ ድንኳናቸው ውስጥ ያሳድሩታል። "ሐጂ፣ ይሄስ ውሻ አይደለም?" ብዬ ነገር ፈለግኳቸው። "አዳኝ ነው!" አሉኝ ቆጣ ብለው። የሠለጠነ አዳኝ ይዞት የመጣ ሥጋ የአላህ ስም ከተጠራበት እንደሚበላም ከሱረቱል ማኢዳ ጠቅሰው አስረዱኝ። ትክክል ናቸው። ፎቶውን ስልካቸው ፊት ላይ፣ ልጃቸው የነበረበት ቦታ ላይ ማድረጋቸው ግን ከየትኛው ሱራ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ዘር ቆጠራስ ቢሆን? እዚህ አገር ቦረናውም፣ ገሪውም፣ ቡርጂውም፣ አማራውም የአያቱን አያት ሳይቆጥር ሻይ አይጠጣም። አፍጋኑ ግን በዚህም ቀደመን። በማሽተት ሳይሆን በማየት እያደነ፣ በአፍጋኒስታን ተራሮች ጥንቸልና ሚዳቋ ሲያባርር የኖረ ነው። ያን ሁሉ ጸጉር ያበቀለውም ለብርዱ እንጂ ለቲክቶክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1907 ዛርዲን የሚባል አንድ ወንድ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ለንደን ገባ፤ ክሪስታል ፓላስ በተዘጋጀው ትርኢት ላይ ቀርቦ የከተማውን ሰው አፉን አስያዘው። በኋላ የዘሩ መለኪያ ሲጻፍ በእሱ መልክ ተጻፈ። በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር 6፣ ያቺው እንግሊዝ አዲስ አበባ ላይ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የእኛን ድንበር ተፈራረመች። ለአፍጋኑ ውሻ መድረክ፣ ለእኛ መስመር ደረሰን። ለሞያሌ ውሾች ግን ስለ መስመሩ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

ጠባዩ ነው ጉዱ። ስታንሊ ኮረን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ወደ 200 የሚጠጉ የውሻ ውድድር ዳኞችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት መጽሐፍ፣ ትእዛዝ በመቀበል አፍጋኑ ከሁሉም መጨረሻ ወጥቷል። የእሱ ምድብ ውሾች አንድ አዲስ ነገር ለመልመድ ከ80 እስከ 100 ጊዜ ይደጋገምላቸዋል፤ ከለመዱም በኋላ ከአራት ጥሪ አንዱን ቢሰሙ ነው። ይህን ቡና ላይ ብነግራቸው ያዝኑለታል ብዬ ነበር። ጭራሽ ተከበረ! "ሲጠሩት የማይመጣ፣ ቢመጣም አሻግሮ የሚያይ፤ ይሄማ ባለሥልጣን ነው" አሉ አንድ አዛውንት፣ በአድናቆት። ቡቺ ሲጠራ ዘግይቶ የመጣ ዕለት እኮ ስሙ "ደደብ" ነበር።

ደቡብ ኮሪያውያን እንዲያውም አንዱ አልበቃ ብሏቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ አፍጋን ጆሮ በወሰዱት ሴል ቁርጥ እሱን የሚመስል ቡችላ አስወለዱ፤ ስናፒ ይባል ነበር፣ በዓለም የመጀመሪያው ክሎን ውሻ ነው። የምርምሩ መሪ ስለ ሰው ሴል ያወሩት ኋላ ውሸት ሆኖ ሲገኝ፣ የውሻው ግን ተመርምሮ እውነት ወጣ።

አሁን ደግሞ አንድ የሰፈራችን ወጣት "ከናይሮቢ አስመጥቼ ላርባ" ብሎ ሸሪክ እየፈለገ ነው። ሻምፖውን አስቧል፤ ማበጠሪያውን አስቧል፤ ለሙቀቱ እንኳ አየር ማቀዝቀዣ አስቧል። ያላሰበው ፍየል ነው። የሮጠ ነገር ሁሉ ታዳኝ የሚመስለው፣ ከሮጠ በኋላ ደግሞ ጠርተው የማይመልሱት ውሻ የቦረና ፍየል መሃል ሲለቀቅ ይታያችሁ! ትርፉን ሽማግሌ የፈረደበትን ካሳ ከከፈለ በኋላ ቢቆጥረው ይሻላል።

እኔ በበኩሌ ሸሪክ አልገባም። ጅብ አጥር ሲጠጋ የሚጮኽልኝ ውሻ አለኝ፤ ጸጉሩ አጭር ነው፣ አያቱ አይታወቅም። ዛሬ አጥንት የተረፋችሁ ጎረቤቶች ብትኖሩ አትጣሉት፤ ደጃፌ ላይ የሚተኛው ቡኒው ነው። አንድ ጊዜ ብትጠሩት ይመጣል።