የመንሱሩ ጫኝ

መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ፍራሽ፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሚሞሪ ካርድ የሞላበት የሻይ ብርጭቆ። ባለቤቷ የወሎ ልጅ ነው፤ ሥራው መጫን። የሚጭነው ግን ካርጎ አይደለም፣ ዘፈን ነው። ኔትወርክ በማይደርስበት በረሃ ግመል ለሚጠብቀው፣ ለሹፌሩ፣ ለዘበኛው፣ 10 ሪያል ይዞ ለመጣ ሁሉ ካርዱን እስኪጠግብ ይሞላለታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ከጎናቸውም መንዙማ።

አንድ ሐሙስ ማታ ተራ ስጠብቅ አፌ አላርፍ አለኝ። «ግን ይኼ ስርቆት አይደለም ወይ?» አልኩ።

ከፊቴ የተቀመጡት ሐጂ ዞረው አዩኝ። ሐረም ደጃፍ ወድቆ ያገኙትን 100 ሪያል ለፖሊስ ያስረከቡ ሰው ናቸው።

«ምኑ ነው ስርቆቱ? ዘፈን ሐራም ነው ልጄ። ሐራም ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም።»

«መንዙማውስ ሐጂ?»

«እሱማ ለአላህ ብለው ያዜሙት ነው። በሱ ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይሆንባቸውም?»

ዘፋኙ ኃጢአተኛ ስለሆነ አይከፈለው፤ መንዙመኛው ደግ ሰው ስለሆነ አይከፈለው። በመካከሉ ሐላል ሆና የተገኘችው የጫኙ 10 ሪያል ብቻ ናት።

መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ፣ የደራሲነት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው፣ መድፈሩም አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሳኔው እስካሁን መንሱር አለመድረሱን ሳይ ታክሲ ያጣ ይመስለኛል።

ወደ መንግሥት ሕግ ስንመጣ ጨዋታው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሳዑዲ የቅጂ መብት ሕግ እስከ 250,000 ሪያል መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት አስቀምጧል። የኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሲወጣ፣ ለራሱ አንዲት ቅጂ ያስቀረውን ሰው ትቶ፣ ሆነ ብሎ መብት የጣሰውን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገበት። በወንጀል ሕጋችን ተራ ስርቆት ቢከፋ ቢከፋ 5 ዓመት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከመርካቶ ሙዚቃ ቤት ቴፑን ከነካሴቱ አንሥቶ የሮጠው አምስት ላይ ያበቃለታል፣ ካሴቱን የገለበጠው ደግሞ ያኔ ከአምስት ይጀምር ነበር። የሌባው ጣሪያ ለገልባጩ ወለል ሆነ ማለት ነው። አሜሪካኖቹማ ብሰዋል፤ 24 ዘፈን አጋራች የተባለችን አንዲት የሚኒሶታ እናት እ.ኤ.አ. በ2009 1.92 ሚሊዮን ዶላር ፈርደውባት ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ «ርኅራኄ» ተደርጎ 222,000 ላይ ጸና።

ያም ሆኖ ለካሴት ግልበጣ አምስት ዓመት የታሰረ ጎረቤት በዘመኔ አላየሁም። ቅጣት ከልክ ሲያልፍ ከሳሹም ዳኛውም ይሳቀቃሉ፤ ሕጉ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጠመንጃ ይሆንና ልጆች ሥሩ ብይ ይጫወታሉ። ጫኙ በየወሩ 50 ሪያል ተቀጥቶ ብሩ ለድምፃዊው ቢደርስ፣ ከማይመጣ አሥር ዓመት ይልቅ ያስደነግጠው ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ግን ባለቤቱን ረስተን ስለ አጥሩ ቁመት እንከራከራለን።

ተራዬ ደርሶ ካርዴን ስሰጠው ጫኙ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን ሆንክ?»

«ታች ፎቅ ያለው ልጅ! ሦስት ዓመት የለቀምኩትን፣ በዓይነት በዓይነቱ የደረደርኩትን፣ በአንድ ፍላሽ ገልብጦ በ5 ሪያል ይጭንልሃል! በየዘፈኑ መግቢያ ላይ ስሜን ያስገባሁት እንኳ እንዳይሰረቅ ብዬ ነበር። እሱንም ቆርጦ አወጣው!»

«አብሽር» አልኩት። «ለመሆኑ ምን ቢቀጣ ደስ ይልሃል?»

ትንሽ አሰበ።

«አምስት ዓመት አይበቃውም» አለኝ፣ ካርዴን ላፕቶፑ ላይ እየሰካ።