አሮጌ ጌም ሲሞሸር

የጌም ኩባንያዎችን በአደባባይ የሚያመሰግን ሰው መጥፋቱ ያሳዝናል። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመልን ሰፈር፣ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው ፌርፋክስ ቡና የምንጠጣ ጎልማሶች ግን ውለታ በላ አይደለንም። በወጣትነታችን ያፈጠጥንበትን የስትራቴጂ ጌም ቀለም ቀብተው፣ ሞሽረው መልሰው ሸጡልን። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልን?

የእኛ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። አዲስ አበባ ሳለን «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ን የለመድነው በኮፒ ሲዲ ነው። ሲዲውን የሸጠልን ልጅ ተጠቀመ እንጂ ኩባንያው ከእኛ ሳንቲም አላየም። አሜሪካ ገብተን ክሬዲት ካርድ ስናወጣ ሕሊናችንም አብሮ ወጣ። የ1999ኙን ጌም በ2013 «ኤችዲ» ሲሉት ገዛን፤ በ2019 «ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን» ሲሉት ደገምን። ኦሪጅናሉን ሳይገዛ እድሳቱን ሁለቴ የገዛ ሌላ ሕዝብ ካለ ይምጣ!

ደግሞስ ምን ቀረብን? ያው ሦስቱ ሠራተኞች ያንኑ በግ ከበው ያርዳሉ፤ አሁን ግን ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለመቁጠር መነጽር ማስፈለጉ የኩባንያው ጥፋት አይደለም፤ የታደሰው ጌሙ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። በ1999ኙ ሲዲ ቢዛንታይንና ፋርስ ሲነግሡ ኢትዮጵያ ስሟም አልነበረም። በ2015 ማስፋፊያ ወጥቶ እኛም ገባን፤ ዮዲት ጉዲትም ዘመቻ ተሰጣት። እሷ አክሱምን ያወደመችው በነጻ ነበር፤ እኛ ግን ከፍለን ነው።

ትልቁ ምስጋና ከእኛ በስተደቡብ ኧርቫይን ላለው ብሊዛርድ ይገባል። በ2017 አንዴ ተሳስቶ፣ የታደሰውን «ስታርክራፍት» ከመሸጡ በፊት የ1998ቱን በነጻ ለቆት ነበር። የፈለገ አዲሱን ገዛ፣ ያልፈለገ በአሮጌው ቀጠለ። እንዲህ ያለ ቸርነት ገበያ ያበላሻል። በጃንዋሪ 2020 «ዋርክራፍት 3፦ ሪፎርጅድ»ን ሲያወጣ ግን ታረመ። በ2018 አናሃይም ላይ በትርዒቱ ካሳየን ነገር ቀንሶ አመጣው። አዲሱን ሳይገዛ የ2002ቱን ይዞ የተቀመጠው እንኳ ኢንተርኔት ሲገባ አዲሱ ፕሮግራም በግድ ተጫነበት፤ ያኔ የደረጃ ሰንጠረዡም የተጫዋቾች ቡድኑም (ክላኑም) አልነበሩም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ተጫዋቾች የሚሠሩት ካርታም የኩባንያው ንብረት ነው ተባለ፤ «ዶታ» ከእንዲህ ያለ ካርታ ተወልዶ ሌላ ኩባንያ ማበልጸጉ ሳያንገበግባቸው አልቀረም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እዚህ ግን ሞኙ ሞፈሩን ራሱ ጠርቦ፣ 30 ዶላር መርቆ አስረከበ። ገንዘቤን መልሱ ላለ መለሱለት፤ አሮጌ ጌሜን መልሱ ያለው ግን ሰሚ አጣ።

የፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ከዚህ ብትማሩ ምን አለበት? ዶሮ ወጡን አዲስ ትሪ ላይ አድርጉና «የታደሰ» በሉት። ዕንቁላሉን አውጡ፤ «ወደፊት ይመጣል» በሉ። ከዚያ ደንበኛው ቤት ገብታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠውን የአምናውን ወጥ ድፉና በእናንተው ተኩት። ቢጮህ «ውሉ ላይ ተስማምተሃል» በሉት። እናቱ የላከችለትን በርበሬ ነስንሶበት ከሆነ በርበሬውም የእናንተ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ፦ የጌም ኩባንያው ኢኤ በ2003 የላስ ቬጋሱን የጌም ስቱዲዮ ዌስትውድን ዘግቶ ሠራተኞቹን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲጠራ እዚያው ቀርተው ፔትሮግሊፍን ከመሠረቱት። በጁን 2020 የ1995ቱን «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» እና የ1996ቱን «ሬድ አለርት» አድሰው፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ በ20 ዶላር አቀረቡ። በዘመቻው መሀል ስፔስ ባርን ስትጫን የድሮው ምስል ይመለሳል። ይባስ ብሎ ኢኤ የጌሞቹን ኮድ ለተጫዋቾች ከፈተው፤ ማንም ይጠግነዋል፣ ማንም ይጨምርበታል። አዲሱን የሸጠ ሁሉ አሮጌውን ሳይነካ፣ ኮዱንም ሳይቆልፍ ይሽጥ የሚባልበት ቀን ከመጣማ ጉድ ፈላ! ሰው የገዛው ነገር የራሱ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ከአሥር ዓመት በኋላ ምኑን አድሰው ይሸጡልናል?